የክኑት ሶልብሬክ ሦስት ሴት ልጆች

ሬሳው የተገኘው አርብ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። የሰባ ሁለት ዓመቱ ጡረተኛ ፖስተኛ ሴልመር ሮኒንግ፣ ክኑት ሶልብሬክ የዛሬ መቶ ዓመት በእጁ በሠራት የግንድ ቤት ውስጥ፣ ከጽሕፈት መኪናው አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ከጆሮው በላይ ያለው አጥንት ገብቷል። መዶሻ ከበሩ ሥር ወድቋል።

ምክትል ሸሪፍ አንቶን ስካር ሲደርስ አለቃው ቀድሞት ሥራውን ጨርሷል። አለቃው ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ስካር ስልሳ አምስት።

«መዶሻው የክላይድ ቦሊዩ ነው» አለ ሸሪፉ። «ጣሪያውን ሲከድንበት የከረመው። ሬሳ አገኘሁ ብሎ የመጣውም ራሱ ነው። እዚህ ከሚቀመጠው ከክኑት አሮጌ ሣጥን ውስጥ የብር ጌጡ ጠፍቷል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«ጌጡን።»

«ምን?»

«ጌጡን እፈልጋለሁ። ክላይድ ላይ ተገኘ?»

«ጫካ ወርውሮታል።»

«ለመስረቅ ብሎ ገደለ፤ የሰረቀውን ወረወረ።»

ሸሪፉ ፊቱን አኮማተረ። «ሰኞ ጠዋት ለአውራጃው ፍርድ ቤት አስረክበዋለሁ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ከእጄ ይወጣል። እስከዚያ የምታመጣው ካለህ አምጣ።»

ክላይድ እጆቹ በካቴና ታስረው በሸሪፉ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከዋይት ኧርዝ፣ ከነባሮቹ ሕዝቦች መንደር የመጣ ነው፤ አያቶቹ እዚህ አገር የነበሩት አንድም ሶልብሬክ መርከብ ላይ ሳይወጣ ነው። ቨርነን ሶልብሬክ ዘንድ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ቨርነን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከመኪናው አምስት እርምጃ ርቆ ቆሟል፤ የሚያየው በቆሎውን ነው። መኪናው እስኪሄድ ድረስ ከበቆሎው ላይ ዓይኑን አላነሳም።

ስካር ወደ ግንድ ቤቱ ገባ።

እሁድ የሶልብሬክ ቤተሰብ የመቶ ዓመት በዓል ነው። ሁለት መቶ ሰው ተጠርቷል። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የሚገለጥ የድንጋይ ሐውልት በሸራ ተሸፍኖ ይጠብቃል፤ «ክኑት ሶልብሬክ፤ ታማኝ ባል፣ ታማኝ አባት» ይላል። ሴልመር በእናቱ በኩል የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሚስት አላገባም፤ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው የትውልድ ሐረግ ሲፈትል ኖረ። ስካር ይህን ዓይነቱን ነገር ይንቀዋል። በዚህ አገር የቀድሞ አባቱ የትልቅ እርሻ ጌታ እንደነበር የማይምል ገበሬ የለም። ጠግቦ ባሕር የተሻገረ ግን አንድም አልነበረም።

ጠረጴዛው ላይ በጽሕፈት መኪና የተጻፉ ስልሳ አንድ ገጾች በተራ ተደርድረዋል፤ ለእሁዱ ጉባኤ የሚነበቡ ናቸው። ሴልመር እንደ ፖስተኛነቱ እያንዳንዱን ገጽ የጻፈበትን ቀን ጥግ ላይ በማኅተም ይመታ ነበር። ማኅተሙ እዚያው አለ፤ ጁን 5 ላይ ተስተካክሏል። ስካር ገጾቹን ገለጠ። ኤፕሪል፣ ኤፕሪል፣ ሜይ፣ እንደገና ኤፕሪል። ጁን 5 የተመታበት አንድ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ።

«ክኑት ሶልብሬክ፤ በ1836 ተወለደ። የመጀመሪያ ሚስቱ ጉሪ በ1866 ሞተች። በ1870 ከኖርዌይ ብቻውን ወደዚህ አገር መጣ። በ1871 ቤሪትን አገባ። ከቤሪት የተወለዱ ልጆች፦ ኦሌ፣ ኢንገቦር፣ ሲግሪድ፣ ማሪት።»

ስካር ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ሌሎቹን ገጾች እንደገና ገለበጠ። በዘጠነኛው፣ በሃያ ሁለተኛውና በአርባኛው ገጽ ላይ ሴልመር በቀይ እርሳስ የአንዲት ሴት ልጅ ስም ከብቧል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀይ የሚባል ነገር የለም።

ገጹን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሸሪፉ ወረቀት ማንበብ ስለማይወድ ምን እንደሆነ አልጠየቀውም።

*

የክኑት የልጅ ልጅ ቲልዳ ሶልብሬክ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። አግብታ አታውቅም። ከግንድ ቤቱ ስልሳ እርምጃ በሚርቀው አሮጌ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ስካር ሲገባ ለእሁድ ቂጣ የሚሆን ድንች እየላጠች ነበር። እጇን አላቆመችም።

«ተቀመጥ አንቶን። እናትህ ነፍሷን ይማርና፣ ቆሞ የሚያወራ ሰው አትወድም ነበር።»

«ሴልመር ሲጽፍ እዚህ ድረስ ይሰማል አክስቴ?»

«ሰው ደነቆረች እንደሚለው አይደለሁም። የማይረባ ወሬ ሲሆን ነው የማይሰማኝ።»

«ዛሬስ?»

«ጠዋት እንደ በረዶ ሲያወርደው ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ዝም አለ። ከዚያ ቆይቶ እንደገና ጀመረ። ግን እንደ ዶሮ ነበር፤ አንዴ ጠቅ፣ ቆይቶ ጠቅ። ደከመው እንግዲህ አልኩ።»

«እንደገና የጀመረው መቼ ነው?»

«ክላይድ ምሳውን ይዞ ወደ ሐይቁ ከወረደ በኋላ። እዚያ ነው ሁልጊዜ የሚበላው።»

«ለምን እዚያ?»

«እዚህ ግባና ብላ ያለው ሰው ስለሌለ ነዋ።» ቢላዋው ለአፍታ ቆመ። «እኔም አላልኩትም።»

«ሌላ ሰው ሲገባ አላዩም?»

«መስኮቴ ወደ ጎተራው ነው የሚያየው። መኪና ከመንገዱ ሲታጠፍ ሰማሁ። የማን እንደሆነ አላውቅም፤ መኪና ሁሉ ለእኔ አንድ ነው።» ሌላ ድንች አነሳች። «ሐሙስ ከኖርዌይ ደብዳቤ መጥቶለት ነበር። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ አነበበውና ሳቀ። ምን ይላል ብለው፣ ‹እርስዎ የሚያውቁትን ነው አክስቴ› አለኝ።»

«ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ የለም። እርስዎ የሚያውቁት ምንድን ነው?»

«ድንች መላጥ» አለች ቲልዳ።

ስካር አልገፋም። አንዳንድ ሴቶች የሚናገሩበትን ቀን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው።

*

ቨርነን የእርሻው ባለቤት ነው። በኩሽናው ጠረጴዛ አጠገብ ሁለተኛ ሚስቱ ቆማ ሳህን ትጠርጋለች። ግድግዳው ላይ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የሞተችው የመጀመሪያ ሚስቱ የኤቭሊን ፎቶ ተሰቅሏል። ሬሳ ሣጥኗን ከተሸከሙት አንዱ ስካር ነበር።

«ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት የት ነበርክ?»

«ሰሜን ማሳ ላይ። በቆሎ ስኮተኩት።»

«ማን አየህ?»

«በቆሎው።»

«ክላይድ ነው ብለህ ታምናለህ?»

«ሸሪፉ ነው ያለው።»

«የጠየቅሁት አንተን ነው ቨርነን።»

ቨርነን ጣቶቹን አየ። «እንግዲህ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል።»

«እሱን አውቃለሁ።»

«ሰው ውስጡ አይታወቅም።»

«የአንተ ግን እየታወቀ ነው» አለ ስካር።

ሴትየዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ከጓሮ በር ብቅ ብላ ነበር። «ኤቭሊን፣ አባትሽ እንግዳ አለው፤ ውጪ ተጫወቺ» አለቻት። ልጅቱ ጠፋች። ስካር ፎቶውን አንዴ፣ በሩን አንዴ አየና ተነሣ።

«ወንድምህ ላይል የት ነው?»

«ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት። ጠዋት ሙሉ እዚያ ነው። በዓሉን የሚመራው እሱ አይደል።»

*

ላይል ሶልብሬክ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው። በመጪው ኖቬምበር ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ይወዳደራል። በስድስት ዓመቱ እናቱ ሞታ ከተማ፣ የእሷ ዘመዶች ዘንድ አደገ፤ ኖርዌጂያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አይችልም። ለሁለቱ ሴት ልጆቹ ያወጣላቸው ስም ኪምበርሊና ዶን ነው፤ ከመጽሔት ላይ ነው ያገኘው ይባላል። ይህ ሁሉ ግን ስለ ሶልብሬክ ደም በየመድረኩ ከመናገር አላገደውም።

ምድር ቤቱ ውስጥ መሰላል ላይ ቆሞ ባንዲራ ይሰቅላል። የብር ቁልፍ ያለው ወፍራም የሱፍ ሹራብ ለብሷል። ጁን ነው፤ በጥላው ውስጥ እንኳ ሰው በሸሚዙ ያልበዋል። ሹራቡ አንገቱን ይበላዋል መሰል እየደጋገመ ያክከዋል። ስካር ቆሞ አየው። አንገቱ ላይ የሸሚዝ ኮሌታ የለም። ሱፉ ያረፈው ከቆዳው ላይ ነው።

«ምን ዓይነት ነገር ነው አንቶን ወዳጄ» አለ ላይል ከመሰላሉ ሲወርድ። «በዓላችን ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው። ያንን ሰውዬ ጓሮህ አታስገባ ብዬ ለቨርነን ስንቴ ነግሬዋለሁ።»

«ሴልመርን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ያለፈው እሁድ፤ ከስብከት በኋላ።»

«የጻፈውን አይተህለታል?»

«አንድም ገጽ። እሁድ ከሕዝቡ ጋር እሰማለሁ አልኩት። ሰው ስለ ቅድመ አያቱ ሲሰማ መደነቅ አለበት።» ፈገግ አለ። «ያንተ ሰዎች ሳይቀሩ ሴልመር መዝገብ ውስጥ አሉ አሉ። ስካሮች ከየት ነው የመጣችሁት?»

«ከረሃብ።»

ላይል ሳቀ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልሄደም። «ጌጡ ተገኘ?»

«አልተገኘም። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ተጨማሪ ባንዲራ ላመጣ ከተማ ወጥቼ ነበር። ፓስተሩን ጠይቀው።»

ፓስተር ኢቨርሰን ቀጭን፣ ጭንቀታም ሰው ነው። አዎን፣ ላይል ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ወጣ፤ ሰባት ተኩል ላይ ተመለሰ። አዎን፣ ባንዲራ ይዞ ነበር። እሱ ራሱ ከሴቶቹ ጋር ጠረጴዛ ሲዘረጋ ነበር፤ አሥራ ሁለት ሴቶች ይመሰክሩለታል።

«ላይል ጠዋት ምን ለብሶ ነበር ፓስተር?»

«ምን ለበሰ? ነጭ ሸሚዝ መሰለኝ። ከሰዓት ሹራቡን ለበሰ፤ ለበዓሉ ልለማመደው አለ።»

*

ቅዳሜ ጠዋት ስካር ወደ እስር ቤቱ ሄደ። ከበሩ ፊት ለፊት አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ቆሟል። የክላይድ ሚስት ዴልፊን መሪው ላይ ተቀምጣለች። ከአርብ ከሰዓት ጀምራ እዚያው ናት።

«ሰኞ የት ነው የሚወስዱት?» አለችው።

«እስከ ሰኞ ገና ነው።»

«ከወሰዱት አይመልሱትም። ይሄን እኔም አንተም እናውቃለን።»

ስካር ገባ።

ክላይድ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። «መዶሻዬን ደረጃው ላይ ትቼ ነው የሄድኩት» አለ ሳይጠየቅ። «ስድስት ዓመት ስተው ማንም አልነካብኝም።»

«ሴልመር እንዴት ነበር?»

«እዚያ ግቢ ውስጥ እንዴት አደርክ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር።»

«በጽሕፈት መኪና ትጽፋለህ?»

ክላይድ ጥያቄው ገርሞት ቀና አለ። «ጦር ሠራዊት ውስጥ ሦስት ዓመት ጸሐፊ ነበርኩ። በአሥሩም ጣቴ፣ ሳላይ።»

ስካር ወደ ቢሮው ተመልሶ ስልክ አነሳ። ከሴልመር ገጾች ላይ ያገኘውን የኖርዌይ ደብር ስም ለኦፕሬተሯ ነገራት። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። በመጨረሻ የደብሩ መዝገብ ጠባቂ መጣ፤ ስካር በእናቱ የገጠር አነጋገር አሥራ አንድ ደቂቃ አናገረው። ስልኩን ሲዘጋ አንድ ወረቀት ላይ ዓመተ ምሕረት ጽፎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፓስተሩ ዘንድ ሄዶ የእሁዱን ፕሮግራም ጠየቀ፤ ላይል ጠዋት ያስረከበውን ንግግርም አብሮ ሰጠው። ስካር ንግግሩን መኪናው ውስጥ አነበበ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ። የሰው ከንቱነት ልክ የለውም ብሎ ሲያስብ ኖሯል። ይህ ግን ከጠበቀው በላይ ነበር።

*

እሁድ ከቅዳሴው በኋላ ሁለት መቶ ሰው ምድር ቤቱ ውስጥ ሥጋና ቂጣ እየበላ ሳለ፣ ስካር ቤተሰቡን በሕፃናቱ መማሪያ ክፍል ሰበሰበ። ሌላ ባዶ ክፍል አልነበረም። ቨርነንና ላይል የሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበታቸው ደረታቸው ደርሶ ተቀመጡ። ለቲልዳ ትልቅ ወንበር መጣላት። ፓስተሩ ጥግ ላይ፣ ሸሪፉ በሩ ላይ ቆሙ።

«በአጭሩ ይሁን» አለ ላይል። «ሐውልቱ በስምንት ሰዓት ይገለጣል።»

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ ስካር። «ሚስቱ የሞተችበት ሰው ሌላ አግብቶ የመጀመሪያ ሴት ልጁን ሲወልድ፣ ምን ብሎ ይጠራታል?»

«በሟቿ ስም» አለች ቲልዳ።

«በሟቿ» አለ ፓስተሩ። «የጥንት ሥርዓት ነው፤ መዝገባችን ሙሉ ነው።»

ቨርነን ዘግይቶ፣ ወለሉን እያየ፣ «በሟቿ» አለ።

«አንተስ ላይል?»

«ይሄ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? የፈለገውን ብሎ ይጠራታል።»

ስካር ከደረት ኪሱ ወረቀቱን አወጣ።

«ከመጀመሪያው ልጀምር። ሸሪፉ ለሌብነት ነው ብሏል። ሴልመር ስድስት ሰዓት ላይ ዝም አለ፤ ቆይቶ የጽሕፈት መኪናው እንደገና መምታት ጀመረ፤ በአንድ ጣት፣ እንደ ዶሮ። አክስቴ ቲልዳ ሰምተዋል። ሴልመር ደግሞ እንደ በረዶ ነበር የሚያወርደው። ስለዚህ ሬሳው አጠገብ ተቀምጦ የጻፈ ሌላ ሰው አለ። ጌጥ የሰረቀ ሰው ቁጭ ብሎ አይጽፍም። ክላይድ ይጽፋል ብንል እንኳ በአሥር ጣቱ ነው፤ ሠራዊቱ መዝገብ አለው። ጌጡ የተወሰደው እኛን ለማሳሳት ነው። የተጻፈው ይሄ ነው።»

ወረቀቱን ከፍ አደረገ።

«ጁን 5 ማኅተም የተመታበት አንድ ገጽ ነው። የጻፈው ሰው ሌሎቹ ላይ ማኅተም ሲያይ እሱም መታ። ሴልመር ግን ሌላም ልማድ ነበረው። ሚስቱ ሞታበት ያገባ ሰው ባገኘ ቁጥር የሁለተኛዋን ሚስት የመጀመሪያ ሴት ልጅ በቀይ ይከባል፤ የሟቿ ስም መኖሩን ሲያረጋግጥ። ሦስት ቦታ አለ። እዚህ ግን ክኑት ሚስቱ ጉሪ በ1866 ሞተችበት ይላል፤ ከዚያ ሴት ልጆቹን ይቆጥራል። ኢንገቦር። ሲግሪድ። ማሪት። ሦስት ሴት ልጆች፤ ጉሪ የለችም። አርባ ዓመት ስም ሲቆጥር የኖረ ሰው ይሄን ገጽ ሳይነካው አያልፍም። ስለዚህ የጻፈው ሴልመር አይደለም። ሥርዓቱን የማያውቅ ሰው ነው።»

«የማያውቅ ብዙ ሰው አለ» አለ ላይል።

«በዚህ ቤት ውስጥ? አክስቴ ቲልዳ ያውቃሉ። ፓስተሩ ያውቃሉ፤ አሥራ ሁለት ምስክርም አላቸው። ቨርነን ከሁለተኛዋ የወለዳትን ልጅ በሟቿ ሚስቱ ስም ጠርቷታል፤ ልጅቱን ሁላችንም እናውቃታለን።»

«ሴልመር ተሳስቶ ይሆናላ። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው።»

«እሺ፤ ስለ 1866 እናውራ። ፓስተር፣ የላይልን ንግግር ሁለተኛ ገጽ ያንብቡልን።»

ፓስተሩ መነጽሩን አደረገ። «‹በ1866 የሚወዳት ባለቤቱን ጉሪን በእንባ ቀብሮ፣ ኀዘኑን በልቡ ይዞ ባሕሩን የተሻገረው ታማኙ ክኑት…›»

«ይበቃል። መቼ ነው የተሰጠዎት?»

«ትናንት ጠዋት።»

ላይል ከትንሿ ወንበር ሊነሣ ሞከረ፤ አቀማመጡ አላስቻለውም። «ሴልመር ነግሮኝ ነው።»

«መቼ?»

«ያለፈው እሁድ።»

«ትናንት የደብሩን መዝገብ ጠባቂ አናገርኩት። ሴልመር በኤፕሪል ጽፎለት ኖሯል፤ ‹ሚስትየዋ የሞተችበትን ዓመት ፈልግልኝ፤ ስሟን የያዘች ልጅ ስላላገኘሁ እጠራጠራለሁ› ብሎ። መልሱ የደረሰው ሐሙስ ነው። ሴልመር ያለፈው እሁድ የሚነግርህ ዓመት አልነበረውም። ሐሙስ ያገኘው ደግሞ 1866 አይደለም። ጉሪ የሞተችው በ1891 ነው። ክኑት ጥሏት ሲመጣ በሕይወት ነበረች። ሃያ አንድ ዓመት በደብሩ ምጽዋት ስትጦር ኖረች።»

ቨርነን እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

«1866 የሚል ቁጥር በዓለም ላይ በአንድ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው» አለ ስካር። «ያ ወረቀት የተጻፈው አርብ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እኔ ኪስ ውስጥ ነው፤ ለማንም አላሳየሁም። አንተ ደግሞ የሴልመርን አንድ ገጽ አላየሁም ብለኸኛል። ቁጥሩን የፈጠረ ሰው ካልሆነ ማን ያውቀዋል? አርብ በጁን ሙቀት ሹራብ በባዶ ገላህ ለብሰህ ስትክክ አየሁህ። ጠዋት ነጭ ሸሚዝ ለብሰህ ነበር። ሸሚዙ የት ሄደ ላይል?»

ላይል አንድ በአንድ አያቸው። ማንም ፊቱን አልመለሰለትም። ከምድር ቤቱ የሳህን ኳኳታና የሰው ሳቅ ይመጣል።

«ደብዳቤውን ሊያነበው ነበር» አለ በመጨረሻ። «እዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ሐውልቱ ላይ ‹ታማኝ ባል› ብለን ቀርጸናል አልኩት። ሳቀብኝ። አንተ ነህ ያስቀረጽከው አለኝ። ለመንኩት። ልጆቼን ምን ብለው ይጠሯቸዋል አልኩት፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ጽሕፈት መኪናው ዞረ። መዶሻው ደረጃው ላይ ነበር።»

«ደብዳቤውና ሴልመር ራሱ የጻፈው ገጽስ?»

«ከሸሚዙና ከጌጡ ጋር። ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ረግረጉ ውስጥ።»

ቲልዳ ዱላዋን ተደግፋ ወደ ፊት ዘንበል አለች። ድምፅዋ አልጨመረም።

«ምስጢር መስሎህ ነው?»

ላይል አያት።

«የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው የቆጠርኩት። የአባቴን እህቶች፤ ኢንገቦር፣ ሲግሪድ፣ ማሪት። እናቴን ‹ጉሪ የት አለች?› አልኳት፤ አፌን በጥፊ መታችኝ። ሴትየዋ በሕይወት እያለች በስሟ ልጅ መጥራት በቁሟ መቅበር ነው። ለቄሱ ዋሽቷል፤ በስሟ ለመጥራት ግን አፉ አልታዘዘለትም። እታች ቂጣ የሚበሉት አሮጊቶች በሙሉ ያውቃሉ። እናቶቻቸውም ያውቁ ነበር። ቆጥረው ዝም አሉ። የማታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ፤ ስለ ክኑት ደም አፍህ የማይዘጋው።»

ፓስተሩ አንገቱን ደፋ። እሱም ቆጥሮ ነበር።

ሸሪፉ ካቴናውን አወጣ። ላይልን ከወንበሩ ለማስነሣት ሁለት ሰው አስፈለገ፤ ጉልበቱ ታጥፎ ቀርቶ ነበር። በጓሮ በር ወሰዱት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንዲት ሴት ከምድር ቤቱ ብቅ ብላ ሐውልቱ ይገለጣል ወይስ ይቆይ ብላ ጠየቀች። ፓስተሩ መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

*

ስካር አሥር ሰዓት ላይ የእስር ቤቱን በር ራሱ ከፈተ።

«ማን ነው?» አለ ክላይድ።

«ላይል።»

«ለምን?»

«ቅድመ አያቱ ሁለት ሚስት ስለነበረው።»

ክላይድ ጃኬቱን ለበሰ። «የእኔ ቅድመ አያት ስንት ሚስት እንደነበረው ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም» አለ።

«እሱም ጻድቅ አልነበረ ይሆናል።»

«ሰው ነበር» አለ ክላይድ። «ለእኔ ይበቃኛል።»

ወጡ። ዴልፊን ባሏን ስታይ ከመኪናው አልወረደችም፤ የጎኑን በር ከውስጥ ዘርግታ ከፈተችለት፤ ሞተሩን አስነሣች። ቨርነን የእስር ቤቱ ግድግዳ ጥላ ሥር ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። መቼ እንደመጣ ስካር አላየውም። ክላይድ በአጠገቡ ሲያልፍ ቨርነን አፉን ከፈተ። ክላይድ አላየውም፤ ላለማየት ብሎም ፊቱን አላዞረም፤ እንደ ምሰሶ አለፈው። መኪናው ውስጥ ገባና በሩን ሳይወረውር ዘጋ። ዴልፊን ሳትቸኩል መንገዱ ላይ ወጣች።

ቨርነን አቧራው እስኪረጋ ጠበቀ።

«አንድ ነገር ልለው ፈልጌ ነበር» አለ። «ለማለት ጊዜ ያለ አይመስልህም?»

«ነበረ» አለ ስካር። «አርብ።»

በሩን ቆለፈና ወደ ቤቱ ሄደ።